አንድ መስመር ዝቅ

ጋሽ ሽኩር እንግሊዝኛ አያውቁም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እልህ ይዞኝ ነው። የድሮ የኮልፌ ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲገናኙ «ያ ኩራዝ ሠሪ፣ እንግሊዝኛውን ሲያንበለብለው!» እያሉ ሲሥቁ እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል። እሳቸው የሚያውቁት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የሳይንስ ቃል ከነትርጉሙ ነበር፤ ያውም በቃላቸው፣ ያውም የአንዱም ፍቺ ሳይገባቸው። በኋላ ዘመኑ ተለውጦ አዛውንቱ ሁሉ ፊደል ሊቆጥር ሲሰለፍ እሳቸው ብቻ እምቢ ብለው ቤታቸው ቀሩ። ሰው ግትር ናቸው አለ። እኔ ሸዋገነት፣ አጥር ተጋሪያቸው፣ ለምን እንደቀሩ አውቅ ነበር።

ሥራቸው ከጣሳ ኩራዝ መሥራት ነው። በዚያ ጊዜ፣ በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ ከፌርማታው ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን መብራት የገባለት ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር የጋሽ ሽኩር መዶሻ ሥራ ፈቶ አያውቅም። የሳልሳ ጣሳውን ይቆርጣሉ፣ ክዳን ያበጁለታል፣ በክዳኑ መሃል ለክሩ ቀጭን ቱቦ ያወጣሉ። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ጥላሸት የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ጥንቃቄያቸው ያናድዳል። አንዱን ጣሳ ሦስቴ ሳይለኩ መቀስ አያነሱም። እናቴ ብርቅዬ አጥሩ ላይ ተደግፋ «ጋሼ፣ ኩራዝ ነው ወይስ የሙሽራ ቀሚስ ነው የሚለኩት?» ስትላቸው ይሥቃሉ እንጂ አይቸኩሉም።

በልጅነታቸው አገር ቤት ቁርኣን የቀሩት፣ ማለትም በቃላቸው የተማሩት፣ በሎህ ነው። ሎህ እጀታ ያለው ለስላሳ ጣውላ ነው። የዕለቱ ትምህርት በቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ ጮክ እያለ ይደጋግመዋል፤ በቃሉ ሲይዘው ጣውላው ይታጠብና ለነገ ባዶ ይሆናል። እጣቢው መሬት ላይ አይደፋም፤ ልጁ ይጠጣዋል። በሎህ የገባ ነገር አይወጣም ይሉ ነበር ጋሽ ሽኩር። እውነታቸውን ነበር፤ የጎዳንም እሱ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ራህማ። ከሕፃንነቷ ዓይኗን እያመማት አደገች፤ ቅባቱም መነጽሩም አልጠቀማትም፤ ከአንድ ክንድ በላይ የራቀ ጽሑፍ አይታያትም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ለሷ ጥቁር ግድግዳ ነው። ግን የሰማችውን አትረሳም። መምህሩ አንዴ የተናገረውን ከነሳሉ ትደግመዋለች። እኔ ደብተሬን በአራት ቀለም አሳምሬ ሁለተኛ ስወጣ፣ እሷ ደብተር እንኳ በወጉ ሳይኖራት አንደኛ ትወጣ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አልወዳትም ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ዘመዶቿ ተሰበሰቡ። የጋሽ ሽኩር ታላቅ ወንድም ረሻድ ከአገር ቤት ድረስ መጥቶ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት እንደሞላት፣ ጥሩ ቤተሰብ እንደጠየቃት፣ ዓይኗም ቢሆን በትምህርት ብዙ እንደማያስኬዳት ተናገረ። ራህማ አስተማሪ መሆን ነው የምትፈልገው። ጋሽ ሽኩር በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሙና «የስምንተኛን ፈተና ካለፈች ትማራለች። ከወደቀች ቃሌ ነው፣ ከመስከረም በፊት እድራታለሁ» አሉ። ሲናገሩ አጥሩ ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ። እንደምታልፍ አልተጠራጠሩም፤ እኔም አልተጠራጠርኩም።

ያ ዓመት ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው። ጥር ላይ ከውጭ አገር የመጣው የሳይንስ መምህራችን ታሞ ወደ አገሩ ሄደ። ከመሄዱ በፊት አንድ ሥራ ሠራልን። የዓመቱን የሳይንስ ቃላት በሙሉ በፊደል ተራ በትልልቅ ወረቀት በእጁ ጽፎ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ለጠፈልን። በስተግራ ቃሉ፣ በስተቀኝ ትርጉሙ። ስለ ተክልና እንስሳ፣ ስለ ድንጋይና እሳተ ገሞራ፣ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ፣ ሁሉም ተደባልቆ። «ፈተናው ከዚህ ብዙ አይወጣም» ብሎን ሄደ። ሌላ መምህር አልመጣም። ትርጉሞቹም እንግሊዝኛ ነበሩ፤ እኔ እዚህ በአማርኛ የምጽፈው እንዲገባ ብዬ ነው።

ሌሎቻችን በደብተራችን ቀዳን። ራህማ ግን ያን ደቃቅ ጽሕፈት ከግድግዳ ማንበብ አትችልም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀሚሴን ያዝ አድርጋ «ሸዋዬ፣ ደብተርሽን ለሁለት ቀን ብቻ አውሺኝ። አባ በትልቁ ይገለብጥልኛል» አለችኝ።

«እያጠናሁበት ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር። ከቀዳሁት ወዲህ ገልጬው አላውቅም።

«እሺ፣ ግድ የለም» አለች። ቅር ያላት አትመስልም ነበር፤ እኔን ግን አሁን ድረስ ቅር ይለኛል።

በማግስቱ ጋሽ ሽኩር ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ዲሬክተሩን ጋሽ አምሐን አስፈቀዱ። ከዚያ ወዲህ ተማሪ ከወጣ በኋላ ሎሃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይመጡና ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ቀለማቸውን ከራሳቸው ኩራዝ ጥላሸት ነው የሚበጠብጡት። የላቲን ፊደል አያውቁም፤ የአማርኛም አያውቁም። እያንዳንዷን ፊደል እንደ ሥዕል አይተው ነው የሚስሉት። ልጆች ከመስኮት ውጭ ሆነው ይሥቁባቸዋል፤ እኔም አንድ ሁለቴ ሥቄያለሁ። እሳቸው ዞር ብለውም አያዩንም።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ጽሑፍ ለእሳቸው ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ከዓረብኛው ሌላ ጽሑፍ አያውቁምና። ስለዚህ አስቀድመው በስተቀኝ ያለውን ዓምድ ይጽፋሉ፤ አሥራ ሁለት መስመር ቆጥረው። ከዚያ ወደ ግራው ይዞሩና አሥራ ሁለቱን ቃላት አንድ ባንድ ትይዩ ያደርጋሉ። ሲጨርሱ የደረሱበትን እንዳይስቱ በሁለቱም በኩል በምስማር ጫፍ ግድግዳው ላይ ነጥብ ያደርጋሉ። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር። መምህሩም ትርጉሙን ሁሉ በደቃቅ ጽሕፈት አጣቦ በአንድ በአንድ መስመር ነበር የጨረሰው፤ ከአንድ ቃል በቀር።

ያ ቃል ፎሲል ነው። ትርጉሙ ረዘመና ወደ ሁለተኛ መስመር ወረደ። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ሁለቱ መስመር የአንድ ቃል መሆኑን ሳያስብ ያውቀዋል። ጋሽ ሽኩር ግን የተጻፈ መስመር ነው የሚቆጥሩት፤ በስተግራ ከፎሲል ሥር የተተወውን ባዶ ቦታ አይቆጥሩም። የመጀመሪያውን መስመር፣ «የጥንት ተክል ወይም እንስሳ ቅሪት» የሚለውን፣ ለፎሲል ሰጡት። ሁለተኛውን፣ «ድንጋይ ውስጥ ታትሞ የቀረ» የሚለውን ቁራጭ፣ ከሥሩ ላለው ለፍሪክሽን ሰጡት። የፍሪክሽን ትርጉም፣ ያ ነገር ከነገር ሲተሻሽ የሚገታው ኃይል፣ ለፈንገስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንድ አንድ ወረደ። ቃሉ ዘጠና ሰባተኛ ነበር። ሌላ ከሁለት መቶ በላይ ቃል ከበታቹ አለ።

ቤት ሲደርሱ ራህማ ሎሁን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ታነባለች፤ አባትዋ መዶሻቸውን እየመቱ ይከተሏታል። «ኢሮዥን!» ትላለች እሷ፤ «ኢሮዥን» ይላሉ እሳቸው፤ ትርጉሙን ትለዋለች፤ ይደግሙታል። ቁርኣን ከሚቀራ ልጅ አይለዩም። ሰባት ስምንት ቀን ሲሞላው እሷ ከዘለለች እሳቸው ያቆሟታል። «አይደለም፣ ኢቫፖሬሽን ነው ቀጥሎ» ይሏታል፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቁ። ሰፈሩ ጉድ አለ። እናቴ እንኳ «ይሄ ሰውዬ በስተርጅና ዶክተር ሊሆንብን ነው» ትል ነበር።

ሎሁ ሲታጠብ እጣቢውን ራህማ ትጠጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ጋሽ ሽኩር ግን ይህ ቁርኣን አይደለም፣ አይጠጣም አሉ። እንደ ተራ ውኃ መንገድ ላይ መድፋትም አልሆነላቸውም፤ እውቀት ነው፣ እግር አይረግጠውም አሉ። ስለዚህ አጥሩ ጥግ ያለችው የኮክ ዛፍ ሥር በጣሳ ቀስ ብለው ያፈሱታል። ፎቶሲንተሲስን ከነትርጉሙ የጠጣች ዛፍ ኮልፌ ውስጥ እሷ ብቻ ናት።

ዝርዝሩ ያለቀ ዕለት አንድ ነገር ቸገራቸው። ቃላቱ አልቀው በስተቀኝ አንድ መስመር ተረፈ፤ ባለቤት የሌለው ትርጉም። አሰቡበት። መጽሐፍ ሲያልቅ መጨረሻው ላይ መዝጊያ ይጻፍ የለ? መዝጊያው ነው አሉ። ራህማም ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱን ቃል ብላ ከጨረሰች በኋላ ያንን የመጨረሻ መስመር፣ «ስለ እንስሳት የሚያጠና የእውቀት ዘርፍ» የሚለውን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንደ ምርቃት ትለው ነበር። እሳቸውም «አሚን» ይሉ ነበር።

እንዴት ራህማ አላወቀችም ትሉኝ ይሆናል። ይሄ ጥያቄ ያበሳጨኛል። ምኑን እናውቅ ነበር? ሰባተኛ ክፍል ስንገባ ትምህርቱን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጡብንና በማናውቀው ቋንቋ የማናውቀውን ነገር ሸምድዱ አሉን። ቃሉም ጨለማ፣ ትርጉሙም ጨለማ ነው። መምህር የለም። እኔ ራሴ ትክክለኛውን ይዤ ምን እንደያዝኩ አላውቅም ነበር። ራህማ አንድ ሁለቴ ግር ብሏት አባትዋን ጠይቃለች። እሳቸውም «እኔ ባይገባኝ ቁርኣኑ ስህተት ነው እንዴ? ቀስ ብሎ ይገባሻል» አሏት።

ፈተናው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ፍርሃት ያዘኝ። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ደብተሬን ይዤ ወደነሱ ግቢ ተሻገርኩ፤ አብረን እናጥና አልኳት። ራህማ ያኔ ስለ ከለከልኳት ትንፍሽ አላለችም። ጠይቂኝ አለችኝ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ አንዱንም አልሳተችም። ቀናሁባት። ከዚያ ላጠምዳት ብዬ ዘልዬ «ግራቪቲ» አልኳት።

«ከተራራ ላይ ቀስ እያለ የሚወርድ የበረዶ ክምር» አለች፣ ትንፋሽ ሳትወስድ።

«ተሳስተሻል! ነገሮችን ሁሉ ወደ መሬት የሚስብ ኃይል ነው።»

«እሱ ሃቢታት ነው።»

ሣቅሁባት። ጋሽ ሽኩር መዶሻቸውን አስቀመጡ። «ልጄ አልተሳሳተችም፣ ሸዋዬ» አሉኝ ለስለስ ብለው። «እኔ ነኝ በዓይኔ እያየሁ የቀዳሁት። መስመር በመስመር። ምናልባት አንቺ ቸኩለሽ ይሆናል።»

ንዴቴ መጣ። ለማረጋገጥ ወደ ትምህርት ቤቱ ሦስታችንም ሄድን። ለእንግዳ ተብሎ ኮሪደሩ ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ተነሥቷል፤ የጋሽ ሽኩር የምስማር ነጥቦችም ከቀለሙ ሥር ጠፍተዋል። ጋሽ አምሐ ቢሮአቸው ውስጥ መጽሐፍ ገለጡና ራህማን ይጠይቋት ጀመር። ፊታቸው እየተለዋወጠ ሄደ። የኔን ደብተር ተቀብለው አስተያዩት። «አቶ ሽኩር፣ እንዴት አድርገው ነው የቀዱት?» አሏቸው። ጋሽ ሽኩር በደስታ በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አሳዩ፤ መጀመሪያ ቀኙን ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ግራውን። ጋሽ አምሐ መጽሐፉን ከደኑት። ከዚያ የሆነውን ነገሯቸው።

ጋሽ ሽኩር አልጮኹም። ከቢሮው ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ሲይዙት ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት፤ ራሳቸው መሃል ላይ ሸብቶ ነበር። «ዓይኗ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ሸዋዬ፣ እኔው አጠፋሁባት።» ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ደብተሬ እጄ ላይ ነበር። የዛን ቀን ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ እዚያ ደረጃ ላይ አንቀመጥም ነበር።

የዚያኑ ዕለት ደብተሬን ወስደው እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። አሁን እኔ ቃልና ትርጉሙን በጣቴ እያሳየኋቸው ነው። ራህማ ግን አልሆነላትም። ግራቪቲ ስትል ምላስዋ ራሱ ወደ በረዶው ይሮጣል። አዲሱን ስትለው አሮጌው ከሥሩ ይነሣል። በሦስተኛው ቀን ባሰ፤ ከፎሲል በላይ ያሉትን፣ ትክክል የነበሩትን እንኳ መርሳት ጀመረች። «አባ፣ ተወው፣ ሁለት ሁለት ሆነብኝ» ብላ ሎሁን ወደ ጎን ገፍታ አለቀሰች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ጋሽ ሽኩር ሎሁን አነሡና አጠቡት። እጣቢውን የት እንደደፉት አላየሁም።

ያን ማታ አጥሩ ማዶ መዶሻ አልተሰማም። ጠዋት ስነሣ ግቢያቸው ውስጥ ኩራዞቹን ሁሉ በረድፍ ደርድረው አገኘኋቸው፤ ሠላሳ የሚሆኑ። ክዳኖቹን ከእያንዳንዱ አውልቀው ቀጥሎ ባለው ኩራዝ ላይ አድርገዋቸዋል። ልካቸው ለየብቻ ስለሆነ አንዱም አልገጠመም። ራህማን ጠርተው በእጅዋ አስዳሰሷት።

«እዪ» አሏት፣ «የዚህ ክዳን የት ነው ያለው?»

ራህማ በጣትዋ ፈለገች። «ቀጥሎ ያለው ላይ።»

«የዚህስ?»

«ከሱ ቀጥሎ።»

«የጠፋ ክዳን አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ጠፋ? ምንም አልጠፋም! ያለሽን አትንኪው። ቃሉን ሲጠይቁሽ የሱን ትርጉም አትበይ። አንድ ዝቅ በይ። ቀጥሎ ያለውን ቃል ጥሪና የሱን ትርጉም ስጫቸው።»

ጥንቃቄያቸውን ያን ቀን ወደድኩት። ይሠራል! ግራቪቲ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች፣ ከንፈርዋ ተንቀሳቀሰ፣ «ሃቢታት... ወደ መሬት የሚስብ ኃይል» አለች። ጮህኩ ከደስታ። እናቴ ምን ሆናችሁ ብላ አጥር ላይ ወጣች። ግን ጊዜ ይወስዳል። ቀጣዩን ቃል ለማግኘት አንዳንዴ አራት አምስት ቃል ወደ ኋላ ተመልሳ መንደርደር ነበረባት። ጋሽ ሽኩርም ሲሠሩ ሲውሉ በየመዶሻው መሃል «አንድ ዝቅ፣ አንድ ዝቅ» ይሉ ነበር።

እሳቸው ግን አልተማመኑም። ሁለት ቦታ ሄደው ለመኑ። ጋሽ አምሐን «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሷ ትንሽ ሰዓት ይጨመርላት» አሏቸው። ጋሽ አምሐ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ፈተናው ከላይ ታሽጎ እንደሚመጣ፣ ሰዓቱም በሳቸው እጅ እንዳልሆነ ነገሯቸው። ረሻድንም አንድ ዓመት ብቻ እንዲታገሥ ለመኑት። ረሻድ ክፉ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ «ሽኩር፣ ሰው ፊት ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ። ሰዎቹ ድንኳን እያሰቡ ነው። እኔ ምን ልበላቸው?» አለ። እውነቱን ነበር። ጋሽ ሽኩር ከኩራዛቸው ሌላ ያላቸው ነገር ቃላቸው ብቻ ነው።

የፈተናው ቀን ራህማ ከፊቴ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሒሳቡና አማርኛው ደህና ሄደላት፤ እረፍት ላይ ሥቃ ነግራኛለች። ከሰዓት በኋላ ሳይንስ መጣ። አርባ ጥያቄ፣ ምርጫ። ወረቀቱን ስገልጥ የመምህሩ ቃላት ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ፤ ልቤ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ራህማን አየሁ። አፍንጫዋ ወረቀቱ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። አንዱን ጥያቄ ለማንበብ ብቻ ብዙ ይፈጅባታል፤ ካነበበች በኋላ ቀና ትላለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ከንፈርዋ ይንቀሳቀሳል፣ ጣትዋ ጠረጴዛው ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ ትወርዳለች፣ ከዚያ መልሱን ታጠቁራለች። ፈታኙ መጥቶ ጠረጴዛዋን አንኳኳ። «ዝም ብለሽ ሥሪ። ድምፅ አይፈቀድም» አላት። ከዚያ ወዲያ ከንፈርዋን ነክሳ ያዘች። ያለ ድምፅ ግን መንደርደር አትችልም ነበር። አይቻታለሁ፤ እየጀመረች ታቆማለች፣ እየጀመረች ታቆማለች።

እኔ ምን ላደርግ እችል ነበር? ጨርሼ ተቀመጥኩ። ደወሉ ሲደወል እሷ ገና መሃል ገጽ ላይ ነበረች። ወረቀቱን ከእጅዋ ሲወስዱባት እርሳሱን እንደያዘች ቀረች። ጋሽ ሽኩር ከጠዋት ጀምሮ ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ስንወጣ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ አልበረዳትም ነበር።

ክረምቱ ረጅም ነበር። አጥሩ ማዶ መዶሻው ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይሰማም። እናቴ አንዴ «ጋሼ፣ እንግሊዝኛው የት ገባ?» ብላ ልታሥቃቸው ሞከረች። ፈገግ ብለው መዶሻቸውን አነሡ። ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም።

ነሐሴ ላይ ውጤት መጣ ተባለ። ዝናብ ነበር። ሦስታችን አብረን ሄድን፤ ራህማ የአባትዋን ክንድ ይዛ። ዝርዝሩ እዚያው ኮሪደር፣ ያው ግድግዳ ላይ ነው የተለጠፈው። በስተግራ ስም፣ በስተቀኝ ውጤት፣ በፊደል ተራ። ራህማ ከዚያ ርቀት አታይም። ጋሽ ሽኩር አያነቡም። ዙሪያችን ልጆች እየዘለሉ ይጮኻሉ።

«ሸዋዬ» አሉኝ ጋሽ ሽኩር፣ «አንብቢልን።»

ራህማ ሽኩር የሚለውን አገኘሁት። ጣቴን ከስሟ ወደ ቀኝ ሳብኩ። ጣቴ እዚያ ደርሶ ቆመ።

«ምን ይላል?»

«አላለፈችም ይላል፣ ጋሽ ሽኩር።»

ራህማ የአባትዋን ክንድ ለቀቀች። ጋሽ ሽኩር ግን ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ያንን ጥላሸት የማይለቀውን ጣታቸውን አወጡና፣ እንደ ልማዳቸው ከቀኙ በኩል፣ የኔ ጣት ካለበት መስመር ሥር አደረጉት።

«መስመሩ ተንሸራቶ እንዳይሆን» አሉ። «የጻፈው ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል። አንድ ዝቅ ብለሽ እዪልኝ።»

አየሁ። አንድ ዝቅ ብሎ አልፋለች ይላል። ጣቴን ወደ ግራ መውሰድ አላስፈለገኝም፤ ግን ጋሽ ሽኩር አዩኝና ወሰድኩ። ከራህማ ሥር ያለው ስም የኔ ነው።

«እሱ የኔ ነው፣ ጋሽ ሽኩር» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። ወረቀቱ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ቀረች። እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠራርገው ጨበጡኝ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር።